ከባትሪ ቤት የመጣ ጭቃ

ባለቤቴ አፈር ትበላ ነበር። አሁን እንዲህ ቁልጭ አድርጌ ስጽፈው ቀላል ነገር ይመስላል። ቅጽና እስክርቢቶ ይዛ ደጃችን ለቆመች ወጣት ሴት መናገር ግን አፍሬ ዋሽቻለሁ። ጥፋቴ ሁሉ ያ ውሸት ነው ብል ደግሞ ለራሴ ማድላት ይሆንብኛል። ጥፋቴ ከዚያ በፊት የጀመረ ነው፤ የጀመረውም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በሕይወቴ እጅግ ደስ ባለኝ ሰሞን ነው።

ነቀምቴ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ ቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን አብዛኞቹ ከገበያና ከቴሌቪዥን ለቃቅመው ነው ወደ እኔ የሚመጡት። የሰፈሩ ሰው ስሜን ከተወው ቆይቷል፤ «ባርሲሳ» ይለኛል፣ አስተማሪ ማለት ነው። ባለቤቴም ስታሾፍብኝ ባርሲሳ ትለኛለች፣ ስትቆጣም ባርሲሳ ትለኛለች። የቱ እንደሆነ ከድምጿ ነው የምለየው።

እሷ የኑኑ ቁምባ ወረዳ ልጅ ናት። ስንጋባ ከሌሎች መምህራን ጋር ተደራጅቼ ያገኘኋት ቁራሽ ቦታ ነበረችኝ፤ ቤት ግን አልነበረኝም። ባህር ዛፉን አቆምን፣ ጣራውን ቆርቆሮ አለበስን፣ ማገሩን መታን፣ የቀረው ጭቃው ነው። የእኛ አገር አፈር ቀይ ነው። ለበቆሎና ለቡና ደግ ነው፣ ለግድግዳ ግን አይመችም። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ትኋን ይገባበታል፣ በዓመቱ እንደገና መምረግ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር አንዴ ተሠርቶ እንዲያልቅ የምፈልግ ሰው ነኝ። በዚህ ጠባዬ ብዙ ሰው አሰልችቻለሁ።

ከሰፈራችን ቁልቁል፣ ወደ ወንዙ መውረጃ ላይ፣ ባትሪ ቤት የምንለው ግቢ አለ። እኔ ወጣት ሳለሁ በሥራ ላይ ነበር። ያረጁ የመኪና ባትሪዎች ከጊምቢም፣ ከደምቢ ዶሎም፣ ከባኮም እየተጫኑ ይመጣሉ። ሠራተኞቹ በመጥረቢያ ይፈልጧቸዋል፣ አሲዱን እዚያው መሬት ላይ ይደፉታል፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ የሚባለውን ከባድ ብረት ደግሞ በግማሽ በርሜል አቅልጠው እንደ ጡብ ያፈሱታል። ጢሱ ሲነሳ ልብስ ያሰጣች ሴት ሁሉ እየተራገመች ትሰበስባለች። የጎረቤት ዶሮ ይሞታል፣ ሠራተኞቹም ሆዳቸውን ይዘው ይታጠፋሉ። ሰው የሚያማርረው ግን ጢሱን ብቻ ነበር። ከዚያ ባለቤቱ ሥራውን ዘግቶ ሄደ፤ ቆርቆሮውም በሩም ተነቃቅሎ ተወሰደ። ጢሱ ሲቆም ጣጣው ሁሉ ያለቀ መስሎን እፎይ አልን።

ግቢው ውስጥ የቀረው አፈር ነው። ግራጫ፣ ድንጋይ የሌለበት፣ በእጅ ሲያሹት የሚልም። ሣር እንኳ በደንብ አይበቅልበትም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እኔ ግን «እሰይ፣ ሥር ከመንቀል ተገላገልኩ» ነው ያልኩት። ከቀዩ አፈር ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅዬ አንድ አሮጌ ጣውላ ላይ ለቀለቅሁትና ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ ተውኩት። አንዲት ስንጥቅ አላወጣም። ጣውላውን ተሸክሜ ለጓደኞቼ ሳሳይ የዋልኩበት ቀን ትዝ ይለኛል።

ደቦ ጠራሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤትም፣ ከትምህርት ቤትም፣ ከቤተ ክርስቲያንም ሰው መጣ። አፈሩን በአህያና በእጅ ጋሪ አመላለስን፣ ጭድ ነሰነስንበት፣ ሱሪያችንን ጠቅልለን እየዘመርን ረገጥነው። ሴቶቹ የውስጡን ግድግዳ በመዳፋቸው አለሰለሱት። ከጎናችን ያሉት አሮጊት፣ ሰፈሩ ሁሉ አዴ የሚላቸው፣ ግድግዳውን ዳበስ ዳበስ አድርገው «ዋቅ ልጅ ያንጫጫበት» ብለው በአምላክ ስም መረቁን። በቀጣዩ ዓመት እሳቸውም ቤታቸውን በዚያው አፈር አስመረጉ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው ተከተለ። «የባርሲሳ ጭቃ» የሚል ስም ወጣለት። ስሙን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

በዓመቱ ባለቤቴ አረገዘች፤ አፈርም አማራት። ይህ በእኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። እናቷም እሷን ባረገዙ ጊዜ የጎተራ ጭቃ እየቆረሱ ይበሉ ነበር። የእርጉዝ ሴት አምሮት ደግሞ በቀልድ አይታይም። ያማራትን ካላገኘች ፅንሱ ይወርዳል፣ ቢወለድም ምልክት ይዞ ይወለዳል ተብሎ ይታመናል፤ ያማራትን ማምጣት የባል ሥራ ነው። የሌላው ሰው ሚስት ያለ ወቅቱ ማንጎ ሲያምራት ባል ገበያ ለገበያ ይንከራተታል። የእኔ ሥራ ቀላል ነበር። አልጋው ራስጌ ካለው ግድግዳ ላይ በቢላ ጥፍር ጥፍር የሚያህል ጭቃ እየፈለፈልኩ በስኒ ማስቀመጫ ማቅረብ ነው። «ባርሲሳ፣ ቁርሴ ዘገየ» ትለኛለች። እኔም እንደ ሆቴል አስተናጋጅ ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ። ከውጭው ግድግዳ ያመጣሁላት ቀን ቀምሳ ታውቅብኛለች። የእናቷ ቤት ጭቃ ይጎመዝዛል፣ ይሄኛው ግን ጣፈጥ ይላል ትል ነበር። አፈሩን የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ የተመሰገንኩ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ሴት ልጅ ተወለደችልን። እንደ እናቷ ጠይም፣ ዓይነ ትልቅ። አፍ የፈታችው ዘግይታ ነው። መናገር ስትጀምር ደግሞ ቶሎ ቶሎ «ሆዴን» ትላለች፤ ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን፣ የትል መድኃኒት ይሰጡናል፣ ይዘናት እንመለሳለን። ስትድህ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆምና እጇን ወደ አፏ ትወስዳለች፤ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው አልን። ችግሩ ለይቶለት የወጣው ትምህርት ስትጀምር ነው። ዛሬ ያወቀችውን ፊደል ነገ አታውቀውም። አንደኛ ክፍልን ደገመች። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ክፍልንም እየደገመች ነው።

የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ኖሮ ታግሼ አስተምራት ነበር። ባርሲሳ ትዕግሥተኛ ነው ሲባል እሰማለሁ። ለእሷ ግን ትዕግሥት አልነበረኝም፤ የአስተማሪ ልጅ ፊደል ሲጠፋባት በየቀኑ በባልደረቦቼ ፊት የምዋረድ ይመስለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ጠረጴዛው ጋ አስቀምጣትና ማስመሪያ ይዤ ከፊቷ እቆማለሁ። «ይቺ ማን ናት?» እላለሁ። ዝም ትላለች። ወይም ትገምታለች፤ ስትገምት ደግሞ ዓይኗ ያለው ደብተሩ ላይ ሳይሆን እኔ ፊት ላይ ነው። ሰነፍ እላታለሁ። ደንቆሮ እላታለሁ። መዳፏን በማስመሪያው እመታታለሁ። ባለቤቴ «ተዋት፣ ቀስ እያለ ይገባታል» ስትለኝ «ያቀበጥሻት አንቺ ነሽ» እላለሁ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

ከእሷ በኋላ ሁለት ፅንስ ወረደብን። ሁለተኛው የወረደ ጊዜ አዴ ባለቤቴን ሊጠይቁ መጡና ሲወጡ እኔን ወደ ደጅ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አምሮቷን በደንብ አውጥተህላታል?» አሉኝ።

በክፋት አልነበረም፤ እሳቸው ክፋት የማያውቁ ሴት ናቸው። እኔ ግን ወዲያው ያስታወስኩት በሁለቱም ጊዜ ፈተና ማረም በዝቶብኝ «ራስሽ ቆርሰሽ ብዪ፣ እጅ የለሽም እንዴ» ያልኳትን ነው። ምክንያቱን አገኘሁት ብዬ አመንኩ። እንደገና ስታረግዝ ለራሴ ማልኩ። አንድ ቀን እንኳ አላጓደልኩባትም። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አንዴ፣ ከሰዓት ስመለስ አንዴ። የራስጌው ግድግዳ ሲጎደጉድ ወደ ጓዳው ተሻገርኩ። አምስተኛ ወሯን ስትይዝ አንድ ጠዋት እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው፤ ልጁ ይንቀሳቀስ ነበር። በአንድ እጄ ስኒ ማስቀመጫውን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ሰዎቹ ከአዲስ አበባ የመጡት ያን ሰሞን ነው። የአፈር ምርመራ ነው ተባለ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ወጣት ሴት ናቸው፤ ዋና ባለሙያዋ እሷ ነበረች። ኦሮምኛ የሚችለው ባልደረባቸው መንገድ ላይ ታሞ ስለተመለሰ ቀበሌው «ባርሲሳ ያስተርጉም» ብሎ አስጠራኝ። ቤት ለቤት ዞርን። ቅጹ ላይ ካሉት ጥያቄዎች አንዱ ሴቶቹን ሁሉ ያሳቃቸው ነበር፤ ነፍሰ ጡር ሳሉ አፈር በልተው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። አዴ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ዘጠኝ ወልጃለሁ፤ ያልበላሁት በየትኛው እንደሆነ ትጠይቀኝ» አሉ። ቃል በቃል አስተረጎምኩ። ወጣቷም ሳቀችና ጻፈች።

ቀጥሎ የእኛ ቤት ነው። ባለቤቴ ነጠላዋን አስተካክላ ደጅ ላይ ተቀበለችን።

«አካም ጂርቱ፣ ሴና፣ ሴና» ብላ አስገባቻቸው።

ጥያቄው ደረሰ። ባለቤቴ ምንም ሳታፍር በኦሮምኛ መለሰች፤ «ኤዬ፣ ድሮም በልቻለሁ፣ አሁንም እበላለሁ። የሚያመጣልኝ እሱ ነው» አለችና በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች።

ወጣቷ እስክርቢቶዋን ቅጹ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። ንጹሕ ሸሚዝ፣ ንጹሕ ጥፍር። ከኋላዋ ያሉት ሁለቱ ወንዶችም እኔን ያያሉ። ቀኑን ሙሉ «መምህር፣ መምህር» ሲሉኝ ነው የዋሉት። የመምህሩ ሚስት አፈር ትበላለች፣ መምህሩም በሰሃን ያቀርብላታል ልበል?

«አይ፣ አትበላም» አልኩ።

ባለቤቴ ይቺን ያህል አማርኛ አታጣም። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ለክብሯ ያሰብኩላት መስሏታል። ከዚያ ጀሪካኗን አንስታ ወደ ቦኖው ሄደች።

«መምህር፣ ግድግዳውን ብለካው ይፈቅዱልኛል?» አለች ወጣቷ።

እስከዚያ በየቤቱ የለካችው የደጁን አፈር ብቻ ነበር። መሣሪያዋ የሴቶች ጠጉር ቤት ያለውን ማድረቂያ ይመስላል። አፉን ግድግዳው ላይ አስጠግታ ትንሽ ጠበቀች። አየችው። በጨርቅ ጠርጋ እንደገና አስጠጋችው። ሦስተኛ ጊዜ ከለካች በኋላ አንዱን ባልደረባዋን ጠርታ አሳየችው፤ እሱም ቁጥሩን ጻፈው።

«ይህ ጭቃ ከየት ነው የመጣው?»

«ከባትሪ ቤት» አልኩ። ከልማድ የተነሳ ማን እንዳገኘው ልነግራት ምንም አልቀረኝም።

እስክርቢቶዋን ኪሷ ከተተችው። ቤቱ ውስጥ ልጅ እንዳለ ጠየቀችኝ። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ አልኩ። «አፍ ለመፍታት ዘግይታ ነበር?» አዎ። «ሆዷን ያማታል?» አዎ። «በትንሽ ነገር ትነጫነጫለች?» አዎ። «ትምህርት ላይ እንዴት ናት? ያጠናችው ይጠፋባታል?» ልጄ ትምህርት ቤት ነበረች። ይህች ሴት አይታት አታውቅም፤ ግን አንድ በአንድ ልጄን ነገረችኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ጎኔ ቁጭ ብላ በቀስታ አስረዳችኝ። እርሳሱ ከጢሱ ጋር አልሄደም፤ አፈሩ ውስጥ ነው ያለው፤ በአፍ ይገባል፣ ደም ውስጥ ይሄዳል፣ የትንሽ ልጅ አእምሮ ላይ ይበረታል። ከእናት ወደ ፅንስ ያልፋል፣ ፅንስም ያስወርዳል። ከሁሉ የከፋባቸው አፈሩን የበሉት ናቸው፤ ስለዚህ የደም ምርመራው የሚጀምረው ከእነሱና ከልጆቻቸው ነው አለችኝ። ቅጹን ገለጥ አድርጋ አየችና ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«ደግነቱ ባለቤትዎ አፈር አይበሉም» አለች።

ያኔ መናገር እችል ነበር። አፌን እንኳ ከፍቼ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ለሰፈሩ ሰው ስብሰባ እንደሚጠራ፣ ሰው እንዳይደናገጥ እስከዚያ ለማንም እንዳልናገር አሳሰበችኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። እንኳን ዝም በል ተብዬ፣ ተናገር ብባልም የምችል አልነበርኩም።

ቀኑ ሰኞ ነበር። ማክሰኞ ሲሚንቶ ገዝቼ የራስጌውን ጉድጓድ ደፈንኩት፤ ትኋን በዛ አልኳት። ረቡዕ ገበያ ወርጄ የሸክላ ስብርባሪ አመጣሁላት። ቀምሳ ተፋችው። «ምን ሆነሃል ባርሲሳ? አምሮቴን ልትነሳኝ ነው?» አለችኝ እየሳቀች። ሐሙስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ራሷ ከጓዳው ግድግዳ ቆርሳ በላች፤ ስመለስ ከንፈሯ ጥግ ላይ ግራጫ አቧራ አየሁ። በእያንዳንዱ ቀን ልነግራት እነሳለሁ። ግን «ይህን አትብዪ» ካልኳት «ለምን?» ትለኛለች። ለምን የሚለውን ከመለስኩ ስለ ሆዷ ልጅ ብቻ ተናግሬ ማቆም አልችልም። የሁለቱንም ሽሎች ነገር፣ የልጃችንንም ነገር መንገር አለብኝ። ሆዷ ውስጥ ያለውን ለማዳን የቀሩትን ሦስቱን አንድ ላይ ልነጥቃት ነው። እንዲህ እያልኩ አራት ቀን አባከንኩ። አራት ቀን በላች።

ዓርብ ከሰዓት ቤት ስገባ ስኒ ማስቀመጫው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ፤ ራሷ የቆረሰችው ሦስት ጉማጅ ጭቃ አለበት። ጉልበት ከየት እንዳገኘሁ አላውቅም። ሰሃኑን አንስቼ ወደ ደጅ ወረወርኩትና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። በኦሮምኛ ነገርኳት፤ የተጋባንበት ቋንቋ እሱ ነው። ስለ ባትሪ ቤት፣ ስለ መሣሪያው፣ ስለ ሽሎቹ፣ ቅጹ ላይ ስላስጻፍኩት ውሸት ነገርኳት። አንድም አላስቀረሁም።

ሆዷን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ልጃችንም በዚህ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ሁለቱም የወረዱት?»

«ሳይሆን አይቀርም።»

አንተ ነህ ያበላኸኝ እንድትለኝ ጠበቅሁ። መልሱን አዘጋጅቼ ነበር፤ አዎ እኔ ነኝ ልላት፣ እግሯ ላይ ልወድቅ። አላለችኝም።

«ታዲያ ለምን ትመታት ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም ነበር» አልኩ።

«እኔም አላውቅም ነበር። እኔ ግን አልመታኋትም።»

ተነስታ ጓዳ ገባች። ከዚያች ቀን ጀምሮ አፈር በአፏ አልዞረም።

በማግስቱ ጠዋት ከስብሰባው በፊት ባለሙያዎቹ ያረፉበት ሆቴል ሄድኩ። ወጣቷ ቁርስ ላይ ነበረች። ዋሽቼሻለሁ አልኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቅጹን አውጥታ «አትበላም» የሚለውን ሰርዛ ሌላውን ጻፈች፣ የባለቤቴንና የልጄንም ስም ከሚመረመሩት መጀመሪያ አደረገችው። ስብሰባው ላይ እሷ ስትናገር እኔ አስተረጎምኩ። የመጨረሻውን የጨመርኩት ግን ከራሴ ነው። አፈሩን መጀመሪያ ያመጣሁት እኔ ነኝ አልኩ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። አዴ ብቻ ቀና ብለው «የረገጥነው አብረን ነው» አሉ። ሊያጽናኑኝ መሆኑ ይገባኛል፤ እሳቸውም ግን ከዚያ በኋላ እስከ ቤታቸው ድረስ አላናገሩኝም።

የደሙ ውጤት በሳምንታት ውስጥ መጣ። የልጄም የእናቷም ከፍ ያለ ነው። ባለሙያዋ ደውላ ነገረችኝ። ከዚህ በላይ እንዳይጨምር ማድረግ ይቻላል፣ ደሙም ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ አእምሮዋን የነካውን ግን ይመለሳል ብዬ ልዋሽዎት አልችልም አለች። ስለ ሆዷ ልጅ ጠየቅኳት። እስኪወለድ መጠበቅ ነው አለችኝ። ብቻ ከዚያ ቤት ይውጡ፣ ግድግዳውንም በደረቁ እንዳታፈርሱት፣ አቧራው ራሱ መርዝ ነው አለች።

ባለቤቴ ነገሩን ቀድማ ወስናለች። ኑኑ ቁምባ እናቷ ቤት ሄዳ ልትወልድ፣ ልጃችንንም ይዛት ልትሄድ ነው። ሌላ የምሄድበት ቤት እስክከራይ እኔ እዚሁ እቆያለሁ። መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ቀን ጠብቀን ዕቃቸውን አሰርን። ከዚህ ቤት ልብስ እንኳ ሳይታጠብ እንዳይወጣ ብላ ሁሉንም በገዛ እጇ አጥባዋለች። ያቺን ጥያቄ ከጠየቀችኝ ወዲህ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው ስለ ዕቃና ስለ መድኃኒት ብቻ ነበር። ባርሲሳም ብላ አልጠራችኝም።

መኪናው ሳይመጣ ልጄን ላናግራት ፈለግሁ። የምላትን ደጋግሜ ተለማምጄዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንቺ ሰነፍ አይደለሽም፣ አባትሽን ይቅር በዪው ልላት ነው። ከዚያች ዓርብ ወዲህ ማስመሪያም አላነሳሁባትም፣ ደብተርም አላስያዝኳትም። ጓዳው በር ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታስር ነበር፤ እናቷ አጠገቧ ዘንቢል ትሸፍናለች። በስሟ ጠራኋት። ቀስ ብዬ የጠራኋት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሃያ ዓመት ክፍል ውስጥ ሲጮህ የኖረ ድምፅ ለስለስ ማለት አይችልም። ደንገጥ ብላ ተነሳች፣ አንዱ ጫማዋ ሳይታሰር መጥታ ፊቴ ቆመች። ቀና ብላ ፊቴን አየችው። ከዚያ ምንም ሳልላት ቀኝ መዳፏን ዘርግታ ዓይኗን ጨፈነች።